የአዴ ሃሊማ ገብስና ጡረታ የወጡት ማሽኖች

ሃያ አራቱን ማሽኖች በገዛ እጄ አጥፍቼ ገና ምሳዬን ሳልጨርስ፣ የግቢያችን ጥበቃ ጋሽ ተሾመ በሩን ገርበብ አድርገው «ዘይቱና፣ አንዲት እናት ውጭ ቆመዋል። ንፋሴን መልሱልኝ እያሉ ነው» አሉኝ።

«የምን ንፋስ?»

«እኔ የበር ጠባቂ እንጂ የንፋስ ሹም አይደለሁም። ነይና አነጋግሪያቸው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሆነውን ነው ዛሬ የማጫውታችሁ። አስቀድሜ ግን እኔ ማን እንደነበርኩና ማሽኖቹ ምን እንደሆኑ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ንፋሱም አይገባችሁም።

ተወልጄ ያደግኩት ጎባ ነው። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ፣ ሁለት ዓመት ያህል ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስቆም ከከረምኩ በኋላ፣ ሮቤ ከተማ ዳር የተከፈተ አንድ አነስተኛ የቢትኮይን ማይኒንግ ድርጅት በጥገና ሠራተኛነት ቀጠረኝ። ጠዋት ከጎባ በሚኒባስ እመጣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ «ዘይቱና ማዕድን ቁፋሮ ገብታለች» ትል ነበር። ጎረቤቶቻችን ጫማዬን አየት ያደርጋሉ፤ ጭቃ የለበትም።

እውነቱን ለመናገር እኛ ዘንድ የሚቆፈር ነገር የለም። ማሽኖቹ ሌት ተቀን ቁጥር ያሰላሉ። በዓለም ዙሪያ ካሉ እልፍ ማሽኖች ጋር አንድ እንቆቅልሽ ለመፍታት ይሽቀዳደማሉ፤ ቀድሞ የፈታው አዲስ ቢትኮይን፣ ማለትም የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ያገኛል። ጣጣው መብራቱ ነው። አንዷ ማሽን ብቻዋን ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ የማይተናነስ መብራት ትበላለች። ምጣዱ ሥራው ሲያልቅ ይጠፋል፣ እሷ ግን አትጠፋም። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚያዋጣው ብዙ ማሽን መደርደር ሳይሆን፣ በትንሽ መብራት ብዙ የሚያሰላ ማሽን መያዝ ነው። ድርጅቱ ባሌን የመረጠውም ለብርዱ ብሎ ነው፤ ማሽኖቹን ለማቀዝቀዝ የሮቤ አየር በነፃ ይበቃል።

ሥራ አስኪያጃችን ኢንጂነር ፍቃዱ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ገና አርባ ያልሞላው፣ ሮቤን ከረገጠ ጀምሮ ጃኬቱን አውልቆ የማያውቅ ሰው ነበር። ቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለው። የትኛው ማሽን ስንት መብራት በልቶ ምን ያህል እንዳሰላ በየሳምንቱ ይጽፍበታል። የሰሌዳው ግርጌ ላይ ሁልጊዜ የእኔዎቹ ነበሩ። የእኔዎቹ የምላቸው ከኋላ ባለው የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ የነበሩትን ሃያ አራት አሮጌ ማሽኖች ነው። ሲገዙም ያገለገሉ ነበሩ። አቧራቸውን በብሩሽ የጠረግኩ፣ የተቃጠለውን የበየድኩ፣ ማራገቢያቸውን የቀየርኩ እኔ ነኝ። ከውጭ ሆኜ በድምፃቸው ብቻ የትኛዋ እንደታመመች አውቅ ነበር።

ያን ክረምት አዳዲሶቹ በኮንቴይነር መጡ። አንዱ አዲስ ማሽን አንዱ አሮጌ የሚበላውን ያህል መብራት በልቶ የሦስት የአራቱን ሥራ ይሠራል። ፍቃዱ ሰሌዳው ፊት አቆመኝ።

«ዘይቱና፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እነዚህን እያበሩ መኖር ብክነት ነው።»

አውቀዋለሁ። ረቡዕ ጠዋት እንዲጠፉ፣ ቅዳሜ ደግሞ የጭነት መኪና መጥቶ ለቁርጥራጭ ብረት እንዲወስዳቸው ተወሰነ። አዲሶቹ ጥገና አይፈልጉም፤ ስለዚህ የእኔም ውል በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ፍቃዱ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም።

ረቡዕ ጠዋት አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። የመጨረሻዋ ስትቆም ሼዱ ጭር አለ፤ ወዲያው ከላይ የሆነ ነገር ይንኳኳ ጀመር። ደንግጬ ቀና አልኩ። ዝናብ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል በዚያ ቆርቆሮ ሥር ስሠራ የዝናቡን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለካ እነሱ ሲጮሁ ይሸፍኑት ኖሯል። እዚያው ብሎኬት ላይ ቁጭ ብዬ ጥቂት አለቀስኩ። ከዚያ ምሳዬን ከፈትኩ። ጋሽ ተሾመ የመጡት ያኔ ነው።

በር ላይ የቆሙት እናት ወደ ሰባ የሚጠጋቸው ቀጭን ሴት ናቸው። የላስቲክ ጫማ አድርገዋል፤ ሻርፓቸው ርሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል፤ በእጃቸው አንድ እርጥብ ጆንያ ጨብጠዋል።

«አካም ኦልተን፣ አዴ? እንዴት ዋሉ፣ እናቴ?» አልኳቸው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ንፋሱን ማን ነው ያጠፋው?»

«የቱን ንፋስ?»

«በአጥሩ በኩል የሚወጣውን ሞቃቱን። ዝናቡ አላቆም ካለ ጀምሮ ጆንያዎቻችንን አጥራችሁ ላይ እያሰጣሁ ነበር። ሦስት ቀን ቤት ተሰቅሎ ያልደረቀ ጆንያ እዚህ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ዛሬ ብመጣ ንፋሱ የለም።»

ወደ ጋሽ ተሾመ ዞርኩ። ጋሽ ተሾመ ሰማዩን ያያሉ።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ጆንያ ምን ጉዳት አለው ብዬ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «ካልሲዬንም እዚያ ነው የማደርቀው» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። ሴትየዋ ግን አልሳቁም። «ለጆንያው ብዬ አይደለም የመጣሁት ኢንታላ ኮ፤ ልጄ፣ ነይ ላሳይሽ» ብለው እጄን ያዙኝ።

አዴ ሃሊማ ይባላሉ። ከአጥራችን ማዶ ያለው መጋዘን አሥራ ሁለት ሴቶች ዘር የሚያባዙበት ማኅበር ነው፤ እሳቸው ሰብሳቢው ናቸው። ውስጥ ገብተን ሸራውን ገለጥ ሲያደርጉት ሠላሳ ኩንታል ያህል ገብስ ተከምሯል። ዝናቡ ለግማሽ ቀን ጋብ ሲል ኮምባይነር አስገብተው ያሳጨዱት ነው፤ እንደረጠበ ገባ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ የሚባል አልታየም። ጭጋጉ ጠዋት ይመጣል፣ ማታም አይሄድም።

«እጅሽን ስደጂበት» አሉኝ።

እስከ ክርኔ ሰደድኩ። ከላይ የቀዘቀዘው ገብስ ውስጡ ይሞቃል፤ የታመመ ሕፃን ግንባር ይመስላል።

«ትኩሳት ይዞታል» አሉ አዴ ሃሊማ። «ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ከቆየ ክምሩ ውስጥ ይበቅላል፤ ከዚያ ይሸታል። የሚበላ ቢሆን ለከብትም ቢሆን በሰጠነው። ይህ ዘር ነው። ከጎባ በላይ ያሉ ገበሬዎች ቦና ላይ፣ በሁለተኛው የዘር ወቅት፣ ሊዘሩት እየጠበቁ ናቸው፤ መሬታቸውን አርሰው ጨርሰዋል። ውርጭ የሚችል ዘር ነው፤ ሌላ ቦታ አይገኝም። ያንን ንፋስ አንድ ሁለት ቀን ብታውሱኝ ምናለ?»

እጄ ገብሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ የዚያን ሼድ ሙቀት እንደ ጠላት ስታገለው፣ ወደ ውጭ ስገፋው ነው የኖርኩት። ማሽን የበላው መብራት የትም አይጠፋም። ስሌቱ ሲያልቅ መብራቱ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አሮጌዎቹ በስሌት ደካማ ናቸው፤ በሙቀት ግን አሮጌና አዲስ የሚባል ነገር የለም።

እየሮጥኩ ፍቃዱ ቢሮ ገባሁ። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

«አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«አንደኛ፣ ማሽኖቹ ከሰሌዳው ተሰርዘዋል። ሁለተኛ፣ ገብስ ተቀጣጣይ ነው፤ እሳት ቢነሳ ማን ይጠየቃል? ሦስተኛ ደግሞ፣ ዘይቱና፣ እኛ ማይኒንግ እንጂ እህል ማድረቂያ አይደለንም።»

«ያው ማይኒንጉን ነው እኮ የሚሠሩት። ሙቀቱን ከሜዳ ላይ ነው የምናነሳው።»

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት በሩ ተንኳኳ። አዴ ሃሊማ ናቸው። ጋሽ ተሾመ ከኋላቸው ቆመው «ቆዩ ብያቸው ነበር» ይላሉ፤ ያሉ ግን አይመስሉም። ፍቃዱ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀ።

«ይቀመጡ እማማ።»

ተቀመጡና ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ልጄ፣ ሰዉ እናንተን ቆፋሪ ይላችኋል። ምንድን ነው የምትቆፍሩት?»

«ቁጥር ነው እማማ።»

«ቁጥር። አፈሩንስ የት ታደርጉታላችሁ?»

«አፈር የለውም።»

«አፈር የሌለው ቁፋሮ! ታዲያ ከዚህ ሁሉ ጩኸት ምን ይተርፋል?»

«ሙቀት» አለ ፍቃዱ።

«እንግዲያው ቁጥሩን አንተ ውሰድ» አሉ አዴ ሃሊማ፤ «ሙቀቱን ለእኔ ስጠኝ።»

ፍቃዱ ሳቀ። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳቁን ሲጨርስ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «እስከ ዓርብ ማታ። ቅዳሜ መኪናው ይመጣል። እሳት ማጥፊያውን አጠገብሽ አድርጊ፤ አንድ ጭስ ካየሁ ሁሉንም አጠፋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ፍጥነት ብታዩት! አዴ ሃሊማ አጥሩ ላይ ቆመው በኦሮምኛ ሁለት ቃል ተጣሩ፤ ሴቶቹ ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ ሼዱን ሞሉት። ብሎኬት ደርድረን፣ የሞራሌ እንጨት አጋድመን፣ ከላዩ ወንፊት ሽቦ ዘርግተን ሰፊ አልጋ የሚመስል ነገር ሠራን። ፍሬው እንዳይሾልክ ሽቦው ላይ የችግኝ ጥላ መረብ አነጠፍን። የአልጋውን ዙሪያ በላስቲክ ዘጋንና ማሽኖቹን ትኩስ ትንፋሻቸው ከሥር እንዲገባ አድርገን ዙሪያውን ደረደርናቸው። እንፋሎቱ እንዲወጣ መስኮቶቹን ከፈትን። ችግር የሆነብን ገለባው ነው፤ ማሽኖቹ አየር በሚስቡበት በኩል ከገባ ያፍናቸዋል። ስስ ጨርቅ ፈለግን፤ አጣን። ፍቃዱ ከበሩ ላይ ሆኖ ሲያየን ቆየና ሄደ። ሲመለስ የቢሮውን መጋረጃ በእጁ ይዟል።

ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያውን ግማሽ አሰጣን፤ ውፍረቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። አዴ ሃሊማ «ቢስሚላህ» አሉ፤ እኔ ማሽኖቹን አንድ በአንድ አስነሳኋቸው። ያ ጩኸት ተመለሰ። ሴቶቹ ጆሯቸውን ይዘው ይስቃሉ። ብዙም ሳይቆይ ከገብሱ ላይ ነጭ እንፋሎት ይነሳ ጀመር። ሁላችንም አጨበጨብን።

ጭብጨባችን ግን ዕድሜ አላገኘም። አዴ ሃሊማ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክርናቸውን ገብሱ ሥር አስገቡና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አጥፊው! አጥፊው!»

«ምን ሆነ?»

«ይህ ሙቀት ሕፃን የሚታጠብበት አይደለም! ዘር ነፍስ አለው እኮ። ሕፃን የማይችለውን ዘርም አይችልም። ካቃጠልሽው ለዱቄት እንጂ ለመሬት አይሆንም!»

ቴርሞሜትሩን ከሥር ሰደድኩት። ሃምሳ አልፏል። እኔ የማውቀው ማሽንን ነው፤ ለማሽን ሃምሳ ምንም አይደለም። ዘርን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ላፕቶፔን ከፍቼ የማሽኖቹን ፍጥነት ዝቅ አደረግኩ። ፍጥነታቸው ሲቀንስ የሚበሉት መብራት ይቀንሳል፣ ትኩሳቱም አብሮ ይወርዳል። ሥራዬ ሁሉ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእያንዳንዱ ማሽን የመጨረሻውን ጉልበት መጭመቅ ነበር። ያን ጠዋት ግን ሃያ አራት ማሽኖችን በአንዲት እናት ክርን ልክ እያስተካከልኩ ነው። ዝቅ አደርጋለሁ፤ እሳቸው ክርናቸውን ያስገባሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንደገና ዝቅ። እንደገና ክርን። አርባ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው «አሁን ልጁን እጠቢው» አሉኝ።

ግን ያ የመጀመሪያው ሰዓት ቆጨኝ። ከሥር ያለውን ዘር ገድለነው ይሆን? አዴ ሃሊማን ጠየቅኳቸው። «አላህ ያውቃል። መሬቱ ይነግረናል» ብለው አካፋቸውን አነሱ።

ቀኑን ሙሉ ገብሱ ይተነፍሳል፣ ሴቶቹ እየተፈራረቁ ያገላብጡታል። ሌሎቹ ደግሞ እዚያ ማዶ ተራውን የሚጠብቀው ክምር ትኩሳቱ እንዳይብስበት ሲገለብጡት ይውላሉ። እንፋሎቱ በመስኮት ወጥቶ መንገዱን ሞላው፤ የእሸት ሽታ ነበረው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ቆሞ አንገቱን በአጥሩ አስግጎ ጋሽ ተሾመን «ቢትኮይን እንዲህ ይሸታል እንዴ?» አላቸው።

«ሲበስል» አሉት ጋሽ ተሾመ።

ማሽኖቹ ሥራቸውን ሲሠሩ፣ የእኛ መለኪያ ጥርስ ነበር። በየሰዓቱ አዴ ሃሊማ ጥቂት ፍሬ አፋቸው ውስጥ ያደርጋሉ። ጠዋት ፍሬው በጥርስ መሃል ይጨፈለቃል፣ ቀትር ላይ ይለጠጣል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀጭ ሲል እኔም ከአጠገባቸው ሆኜ ሰማሁት። «ማሻአላህ» አሉና ሁለት ፍሬ ለእኔ ሰጡኝ። ነከስኩት። ቀጭ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ነገር አላስታውስም።

ሁለተኛውን ግማሽ ጫንን፤ ሌሊቱን በፈረቃ አሳለፍን። እኔም ጎባ ሳልመለስ እዚያው አደርኩ። ዓርብ ጠዋት፣ ገብሱ ግማሽ ደርቆ ግማሽ እርጥብ ሆኖ እያለ፣ ማሽኖቹ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። መብራት ጠፋ።

እርጥብና ትኩስ ገብስ አየር ካላገኘ እንደተከደነ ድስት ነው። ፍቃዱ ስልኩን ይዞ ወዲያ ወዲህ አለ። የሚያነጋግረው ሰው «እየተሠራ ነው» ከማለት በቀር የሚነግረው ነገር አልነበረም። አዴ ሃሊማ ለማንም ስልክ አልደወሉም። አልጋው ላይ ወጥተው በአካፋ መገልበጥ ጀመሩ፤ ሴቶቹም ተከተሏቸው። እኔም ገባሁ። አንዷ ዜማ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ አካፋውም ከዜማው ጋር ይወጣል ይወርዳል።

ዞር ስል ፍቃዱ ጃኬቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሲሰቅል አየሁ። ከሸሚዙ ሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ። አካፋ አነሳ። አያያዙን ያየች አንዲት ሴት በኦሮምኛ አንድ ነገር ብላ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ።

«ምን አለች?» አለኝ።

«አካፋውን እንደ እስክሪብቶ ነው የያዘው ትላለች።»

«ንገሪያት፣ ቁጥር ቆፋሪ ነኝ በያት» አለ። ነገርኳት። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ፍቃዱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ሮቤ ላይ ያላበው ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ራሱ መሰከረ። ማሽኖቹን በአንዴ ካስነሳኋቸው ብሬከሩ ይወርዳል፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ አስነሳኋቸው። ሃያ አራቱም ተነሱ። አንዷም አላሳፈረችኝም።

ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ገብስ ደርቆ ጆንያ ውስጥ ገባ። አዴ ሃሊማ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ፤ ጋሽ ተሾመ ቆባቸውን አውልቀው አማተቡ፤ ሁላችንም አሜን አልን።

ሆኖም ዘሩ ይኑር ይሙት ገና አልታወቀም። አዴ ሃሊማ ከሁለተኛው ዙር መቶ ፍሬ፣ ከመጀመሪያው ዙር ደግሞ ከሥር ከተቃጠለው መቶ ፍሬ ለየብቻ ቆጥረው እርጥብ ጨርቅ ላይ ደረደሩና ጠቀለሉት። «አምስት ቀን» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው መጣ። ማሽኖቹ ዙሪያቸው ገለባ ሆኖ ቆመዋል። ፍቃዱ ወደ ሾፌሩ ሄደ፤ እኔ ማየት ስላልፈለግኩ ጀርባዬን ሰጠሁ። የሰማሁት ግን የመኪናው ሞተር ተመልሶ ሲርቅ ነው።

«ምን አልከው?»

«ፍሬው ሳይቆጠር አይጫኑም አልኩት» አለኝ። «ብክነት መሆን አለመሆኑን ሳላውቅ ምን ብዬ እጽፋለሁ?»

አምስቱ ቀን እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። በሚኒባሱ መስኮት በኩል የታረሰ ማሳ ባየሁ ቁጥር ያ ጨርቅ ፊቴ ይመጣል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጠራ። «ነይ» ብለው አዴ ሃሊማ ስልኩን ዘጉት።

መጋዘኑ ስደርስ ፍቃዱ፣ ጋሽ ተሾመና አሥራ ሁለቱ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሁለቱ ጥቅልሎች መሃል ላይ ናቸው። አዴ ሃሊማ እኔን ሲጠብቁ አልከፈቷቸውም ነበር። መጀመሪያ የሁለተኛውን ዙር ፈቱት። ነጫጭ ሥሮች እንደ ጢም ተንጠልጥለዋል፤ ከመቶው ያልበቀሉት አራት ብቻ ናቸው። ከዚያ ያኛውን፣ የምፈራውን፣ ወደ እኔ ገፉት።

«አንቺ ፍቺው።»

አንዱን ጫፍ ሳነሳው መጀመሪያ ያየሁት አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ጫፍ ናት። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ጨርቁ በሙሉ። ፍቃዱ ተንበርክኮ ቆጠረ፤ አላመነም፣ ደግሞ ቆጠረ። «ዘጠና አንድ» አለ። እልልታው ሲቀልጥ አዴ ሃሊማ አንገቴን አቅፈው ወዘወዙኝ። ጋሽ ተሾመ ደስታቸውን የሚያደርጉበት ቢያጡ ፍቃዱን ሳሙት።

ዘሩ ለገበሬዎቹ ደረሰ፤ ቦና ላይ ተዘራ። ፍቃዱ ከበላዮቹ ጋር ተሟግቶ አሮጌዎቹን ማሽኖች ለማኅበሩ አስለቀቀ፤ እኔም የማድረቂያው ባለሙያ ሆንኩ። ቀጥሎ ደግሞ የአዲሶቹን ማሽኖች ሙቀት በሰፊ ቱቦ ከኮንቴይነሩ ወደ ሼዱ አመጣነው። አንድ መብራት ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው፤ ያሰላል፣ ያደርቃልም። አሮጌዎቹን የምናበራቸው አጨዳው ከዝናብ ጋር ሲገጥም፣ ጭነቱ ሲበዛ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማብራት ያን ጊዜም ብክነት ነበር፣ ዛሬም ብክነት ነው፤ በዚህ ከፍቃዱ ጋር አንጣላም። ሰሌዳው ላይ ግን አንድ አዲስ ዓምድ ተጨምሯል፤ የደረቀ ኩንታል የሚጻፍበት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ያ ሳምንት ሥራ አስገኝቶልኛል፤ ግን ከሥራውም የበለጠ የቀየረኝ ሌላ ነገር ነው። የተማርኩት ትምህርት የሚባክነውን እንድቀንስ አስተምሮኛል፤ የባከነው የት እንደሚሄድና ማን እንደሚፈልገው ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። መልሱ ከአጥሩ ማዶ፣ ሃያ እርምጃ ላይ ተቀምጦ ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቆኛል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት በእርጥብ ጆንያ መርምረው ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ሰው የማይገባኝን ጥያቄ ይዞ በር ላይ ሲቆም ቶሎ አልመልሰውም። እናንተም የማይመስል ነገር የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ እስኪ አንድ ጊዜ አብራችሁት ሂዱና እጃችሁን ክምሩ ውስጥ አስገቡ።

በዚህ ዓመት ማድረቂያውን በከፈትንበት ጠዋት ጋሪዎች ከጭጋጉ ውስጥ እየወጡ ተሰልፈው ነበር። ከፊት የቆሙት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ሼዱ ውስጥ አጮለቁና ማሽኖቹን አዩ።

«ልጄ፣ እነዚህ ያረጁ አይደሉም እንዴ? ይሠራሉ?»

«አርጅተዋል አባባ። ትንሽ ይጮሃሉ፣ ብዙ ይበላሉ፤ ግን ይሠራሉ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ጥርስ በሌለው አፋቸው ከት ብለው ሳቁና ጆንያቸውን ወደ እኔ ገፉት።

«ባለቤቴ ስለ እኔም የምትለው ይህንኑ ነው። በይ አስነሻቸው!»